መንገድ ላይ የማይቆም መኪና፤ የኪኢቺሮ ቶዮዳ ታሪክ

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ልግዛ ብሎ ለወጣ ሰው ደላላው መጀመሪያ የሚነግረው መኪናው ቶዮታ መሆኑን ነው። ቀለሙ፣ የሄደው ኪሎ ሜትር፣ የወንበሩ ጨርቅ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሠላሳና አርባ ዓመት የሞላው ዲኤክስ ኮሮላ ዛሬም ቤተሰብ ያስተዳድራል። ዶልፊንና አባዱላ እያልን ስም ያወጣንላቸው ሚኒባሶች ከንጋት እስከ ምሽት ሕዝብ ሲያመላልሱ ይውላሉ። መንገዱ ባለቀበት፣ ጭቃው በበረታበት ወረዳ ደግሞ ላንድክሩዘሩ አለ። ሜካኒኩም፣ ሾፌሩም፣ ባለንብረቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ቶዮታ መንገድ ላይ አይጥልም።

ታዲያ የዚህ ስም ባለቤት የሆነው ፋብሪካ የመጀመሪያ የጭነት መኪናውን ለሕዝብ ሊያሳይ ወደ ቶኪዮ ሲወስድ፣ መኪናው ገና ከመንገድ ሳይደርስ መሪው ተሰብሮ ቆሟል ቢባል ስንቶቻችን እናምናለን? ነገሩ ግን እውነት ነው። በዚያ መኪና ያፈረው ሰው ኪኢቺሮ ቶዮዳ ይባላል። የጃፓን ፋብሪካዎች ዛሬ የሚታወቁበት ጥንቃቄ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የሚፈልግ፣ የዚህን ሰው ሕይወት ቢያይ አይከስርም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከመኪና ሳይሆን ከሸማ ነው። የኪኢቺሮ አባት ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 ዛሬ ሺዙኦካ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ከአንድ የገጠር አናጢ ቤት ተወለደ። በመንደሩ ሴቶች ሁሉ ይሸምናሉ፤ የእሱም እናት ትሸምናለች። ልጁ እናቱ ከሽመናው ሥር ጎንበስ ብላ ስትደክም እያየ አደገ። የአባቱን የአናጢነት ሙያ ተምሮ እጁ ሲፈታ፣ ያንን ድካም የሚያቀል መሣሪያ ለመሥራት ተነሳ። በ1891 ለመጀመሪያ የእጅ ሽመና መሣሪያው የፈጠራ መብት አገኘ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ ከዚህ ሥራ አልወጣም።

የሳኪቺ ትልቁ ሐሳብ ለሸማኔ ለሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባል። ድርና ማግ ሲሸመን አንድ ክር ቢበጠስና ማንም ሳያየው ቢቀር፣ ማሽኑ ዝም ብሎ ይሸምናል፤ የሚወጣው ጨርቅ ግን ብልሽት ነው። ማሽኑ ፈጣን በሆነ ቁጥር የሚበላሸው ጨርቅ ይበዛል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማሽን የሚያፈጥ ሰው ያስፈልጋል። ሳኪቺ ክሩ ሲበጠስ ራሱ የሚቆም ማሽን ሠራ። ማሽኑ ካልቆመ ሁሉም ደህና ነው፤ ከቆመ ደግሞ ሰው ሄዶ ያያል። አንድ ሠራተኛ ብዙ ማሽን መጠበቅ ቻለ፤ ብልሽት ጨርቅም ከምንጩ ቀረ። ጃፓኖች ይህን አሠራር ጂዶካ ይሉታል። ሐሳቡ ሲጨመቅ ይኸው ነው፦ ስህተት እየሠሩ ከመሮጥ መቆም ይሻላል።

ኪኢቺሮ የተወለደው በ1894 ነው። አባቱ ያኔ ገና ድሃ ነበር፤ ከፈጠራው በቀር ሌላ የሚያስበው አልነበረውም። እናቱ ሕፃኑን ከወለደች ጥቂት ቆይታ ቤቱን ጥላ ሄደች። ሕፃኑን አያቶቹ ተቀበሉት፤ አባቱ ሌላ ሚስት ካገባ በኋላ ደግሞ በእንጀራ እናቱ እጅ አደገ። ሰውነቱ ጠንካራ ያልሆነ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ ነበር ይባላል። አናጢው አባት መደበኛ ትምህርት እምብዛም ሳያገኝ ያደገ ቢሆንም ልጁን እስከ ቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ አደረሰው። ኪኢቺሮ በ1920 በመካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ ወደ ቤተሰቡ የፈትልና የሽመና ፋብሪካ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ አሜሪካንና እንግሊዝን እንዲያይ ተላከ። እንግሊዝ አገር ኦልድሃም ከተማ በሚገኘው ፕላት ብራዘርስ በተባለው፣ በዘመኑ በዓለም ታላቅ በነበረው የጨርቃ ጨርቅ ማሽን ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛው ምን እንደሚሠራ በዓይኑ እያየ ቆየ።

ከዚያ አባትና ልጅ አብረው ሠሩ። በ1924 ጂ የተባለውን አውቶማቲክ የሽመና ማሽን አጠናቀቁ። ማሽኑ ሳይቆም መወርወሪያውን ይቀይራል፤ ክር ሲበጠስ ግን ወዲያው ይቆማል። በ1929 መጨረሻ ያ ኪኢቺሮ ተማሪ ሆኖ የጎበኘው የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ የዚህን ማሽን መብት በ100 ሺህ ፓውንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ትናንት ተማሪ የነበረው ጃፓናዊ ዛሬ ለመምህሩ ሸጠለት ማለት ነው። በዓመቱ፣ በ1930፣ ሳኪቺ ዐረፈ። እሱ ለአገሩ የሽመና ማሽን እንደሠራ፣ ልጁ ደግሞ አውቶሞቢል እንዲሠራ አደራ ማለቱ ይነገራል።

እንግዲህ አደራው ቀላል አልነበረም። ያኔ ጃፓን ውስጥ መኪና ማለት ፎርድና ሼቭሮሌት ነው። ፎርድ ከ1925 ጀምሮ ዮኮሃማ፣ ጄነራል ሞተርስ ከ1927 ጀምሮ ኦሳካ ላይ ዕቃ እያስመጡ ይገጣጥማሉ። ታላላቆቹ የጃፓን ባለሀብቶች እንኳ መኪና ልሥራ ብለው ለመግባት አልደፈሩም፤ ገንዘብ የሚበላ ጉድጓድ አድርገው ነው ያዩት። በቤተሰቡም ውስጥ የኪኢቺሮ የእህቱ ባል፣ የኩባንያው መሪ ሪዛቡሮ ቶዮዳ ነገሩ አስፈርቶት ነበር። አትራፊ የሽመና ማሽን ፋብሪካ ይዞ በማያውቁት ሥራ ቤተሰቡን ማክሰር ማን ይወዳል? ኪኢቺሮ ግን ገፋበት። በ1933 በሽመና ማሽን ፋብሪካው ውስጥ የአውቶሞቢል ክፍል ተከፈተ።

አንድ አዲስ ሼቭሮሌት ተገዛ፤ ብሎን በብሎን ተፈታ። እያንዳንዱ ዕቃ ተለካ፣ ተሣለ፣ ከምን እንደተሠራ ተመረመረ። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ጭንቅ ነበር። የሞተሩን ብሎክ ከቀለጠ ብረት አፍስሶ ማውጣት ለሽመና ማሽን እንደሚፈሰው ብረት አይደለም። ውስጡ ውኃ የሚዞርበት፣ ፒስተን የሚመላለስበት ውስብስብ ባዶ ቦታ አለው። እየፈሰሰ የወጣው ብሎክ እየተሰነጠቀና እየተቦረቦረ ይጣላል፤ እንደገና ይቀለጣል፣ እንደገና ይፈሳል። የመጀመሪያው ሞተር ሲሠራም ጉልበቱ ከሼቭሮሌቱ አነሰ፤ የላይኛው ክፍሉ እንደገና ተነድፎ ነው የተስተካከለው። አንድ ነገር ግን ኪኢቺሮ ከመጀመሪያው አስቦበት ነበር፤ ጃፓን ውስጥ የሚገኘው መለዋወጫ የፎርድና የሼቭሮሌት ስለሆነ የእሱም መኪና በተቻለ መጠን በእነሱ ዕቃ የሚጠገን እንዲሆን አደረገ። መኪና የገዛ ሰው ስፔር አጥቶ እንዳይቆም ማለት ነው። የእኛ አገር ባለመኪና ይህን ነገር ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

በ1935 መንግሥት የአገር ውስጥ የመኪና ሥራን በሕግ ሊደግፍ መሆኑ ተሰማ። ኪኢቺሮ ፈቃዱን ለማግኘት መኪና መሥራት እንደሚችል በቶሎ ማሳየት ነበረበት። ሠራዊቱም ኢኮኖሚውም የሚፈልገው የጭነት መኪና ነውና ጂ-1 የተባለው መኪና በችኮላ ተሠራ። ከካሪያ ወደ ቶኪዮ ሲነዳ ነው እንግዲህ መሪው የተሰበረው። ሠራተኞቹ እየጠገኑ፣ እንቅልፍ እያጡ ለዝግጅቱ ለጥቂት ደረሱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህን ነው።

መኪናው ገበያ ከወጣ በኋላ ጉዱ ባሰ። ዛሬ የኋላ አክስሉ ይሰበራል፣ ነገ ሌላው ይለቃል። ሽያጩ የተጀመረው እዚያው ፋብሪካው አጠገብ በናጎያ መሆኑ ጥቂት አተረፈ፤ መኪናው ሲቆም ሰው ቶሎ ይደርስለታልና። ከጄነራል ሞተርስ ለቆ የመጣው የሽያጭ ኃላፊ ሾታሮ ካሚያ ለደንበኛው ትከሻውን ሰጠ፤ የተሰበረው በነፃ ተጠገነ። ኪኢቺሮ በበኩሉ መኪናው ወደቆመበት እየሄደ ምን እንደተሰበረ ራሱ አየ። ጥፋቱን በሾፌሩ፣ በመንገዱ ወይም በጫነው ሰው ላይ ማላከክ ይቻል ነበር። እሱ የመረጠው የተሰበረውን ዕቃ ይዞ ወደ ፋብሪካው መመለስንና ለምን ተሰበረ ብሎ መጠየቅን ነው።

በ1937 የመኪናው ክፍል ራሱን ችሎ ቶዮታ ሞተር ኩባንያ ሲሆን ይህ ልማድ ቢሮ ተሰጠው። ከደንበኛ የሚመጣ ቅሬታና ብልሽት እየመረመረ ንድፉንና አሠራሩን የሚያስለውጥ ክፍል ተቋቋመ፤ ወጣቱ የአጎቱ ልጅ ኤይጂ ቶዮዳ ሥራውን ከተማረባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነበር። ልብ በሉ፤ ብዙ ድርጅት የቅሬታ ክፍል አለው፤ የብዙዎቹ ሥራ ግን ደንበኛውን ማረጋጋት ነው። የዚህኛው ሥራ ፋብሪካውን ማረም ነበር። ስሙም በዚያው ጊዜ ከቶዮዳ ወደ ቶዮታ ተቀየረ። ለጆሮ የሚቀል፣ በጃፓንኛ ሲጻፍም እንደ ዕድል በሚታየው በስምንት ጭረት የሚያልቅ ሆኖ ስለተገኘ ነው።

ኪኢቺሮ እጁ በቅባት ያልቆሸሸ መሐንዲስ አይወድም ነበር። ስለ እሱ ከሚነገሩት አንዱ እንዲህ ነው። በፋብሪካው ሲዘዋወር አንድ ሠራተኛ ማሽኑ አልሠራ ብሎት ራሱን ሲያክ አገኘው። ኪኢቺሮ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ከዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ ከተተና እፍኝ ሙሉ ዝቃጭ አውጥቶ ወለሉ ላይ ጣለው። ሌላ ንግግር አላስፈለገም፤ ችግሩ ከታች ነው ያለው፣ ከታች ያለውን ደግሞ ቆሞ በማሰላሰል አታገኘውም።

በ1938 ኮሮሞ በተባለ ቦታ አዲሱ ትልቅ ፋብሪካ ሲከፈት ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። እያንዳንዱ ክፍል የሚያስፈልገውን ዕቃ፣ በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ይሥራ አለ። መጋዘን ሞልቶ መቀመጥ ቀረ። ይህ ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ሺህ ዕቃ ተሠርቶ መጋዘን ከገባ በኋላ ብልሽት ቢገኝ ሺውም ብልሽት ነው። ለዛሬ ብቻ የተሠራ ከሆነ ግን ስህተቱ ዛሬውኑ ይታያል። ሐሳቡ ሥር ሳይሰድ ጦርነቱ መጣ። ጥሬ ዕቃ ጠፋ፤ በጦርነቱ ማብቂያ አካባቢ ለሠራዊቱ የሚሠራው የጭነት መኪና የፊት መብራቱ እስከ አንድ ወርዶ፣ ፍሬኑም ለኋላ ጎማ ብቻ ሆኖ ነበር። ኮሮሞ ፋብሪካ በቦምብ የተመታው ጃፓን እጇን መስጠቷ ሊነገር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ነሐሴ 14 ቀን 1945 ነው።

የዚህ ሰው የመጨረሻው ፈተና ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ነው። በ1949 የዋጋ ንረቱን ለመግታት የመንግሥት ወጪና የባንክ ብድር ሲታነቅ መኪና የሚገዛ ጠፋ፤ የገዛውም አልከፍል አለ። የቶዮታ ካዝና ባዶ ሆነ። ኪኢቺሮ በዚያ ዓመት መጨረሻ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተስማማ፤ ሠራተኛው ከደመወዙ አሥር በመቶ ይቀነስበት፣ ኩባንያው ደግሞ ማንንም አያባርር። ሰው ማባረር እሱ ከሁሉ በላይ የሚጠላው ነገር ነበር። ባንኮቹ ግን ኩባንያውን ከመውደቅ ለማዳን ገንዘብ ሲሰጡ ጥብቅ ሁኔታ አስቀመጡ። ሽያጩ ራሱን የቻለ ኩባንያ ይሁን፤ የሚሸጠው ያህል ብቻ ይሠራ፤ ትርፍ ሠራተኛ ይቀነስ።

በ1950 ሚያዝያ ኩባንያው 1,600 ሰው በፈቃዱ እንዲለቅ ሲጠይቅ ሠራተኛው ተነሳ። የተፈረመ ቃል አለና ለምን አይነሳ? ሥራ ማቆሙ ወራት ወሰደ። ኪኢቺሮ የደም ግፊቱ ጠንቶበት አንዳንዴ ከቤት መውጣት ያቅተው ነበር። በመጨረሻ ከ2,100 በላይ ሰዎች ከሥራ ወጡ፤ ስምንት ሺህ ገደማ የነበረው ሠራተኛ ወደ ስድስት ሺህ ወረደ። ኪኢቺሮ ግን ሰዎቹን ሸኝቶ በወንበሩ አልቀጠለም። ቃሉን ማክበር ካልቻለ ቢያንስ ጥፋቱን ልሸከም ብሎ በሰኔ መጀመሪያ ከፕሬዚዳንትነቱ ለቀቀ፤ ሁለት ከፍተኛ ኃላፊዎችም አብረውት ወጡ።

የዕጣ ነገር ሆኖ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሰኔ 25 ቀን፣ የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። የአሜሪካ ጦር በሺዎች የሚቆጠር የጭነት መኪና አዘዘ። ቶዮታ ዳነ። ኪኢቺሮ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ የሚያባርረው ሰውም የሚለቀው ወንበርም ባልኖረ ነበር። ኩባንያው ሲያገግም ተተኪው ታይዞ ኢሺዳ ተመልሰህ ምራ ብሎ ለመነው። እሺ አለ፤ ግን አልደረሰበትም። መጋቢት 27 ቀን 1952 በ57 ዓመቱ በጭንቅላት ደም መፍሰስ ዐረፈ። ሲመኘው የኖረውን፣ በውጭ ፈቃድ ያልተሠራውን የመንገደኛ መኪና ክራውንን አላየውም። ክራውን የወጣው በ1955 ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ የቶዮታ ጥንቃቄ ከሁለት ቁስል የመጣ ነው። አንዱ መንገድ ላይ የተሰበረው ጂ-1 ነው፤ ሁለተኛው ያ የ1950ው ክረምት። ከመጀመሪያው፣ ብልሽት ሲታይ ሥራ ማቆምን ተማሩ። ከሽመና ፋብሪካው የመጣው ታይቺ ኦኖ የሳኪቺን የሚቆም ማሽንና የኪኢቺሮን በልኩ መሥራት አጣምሮ፣ ማንኛውም ሠራተኛ ስህተት ካየ መስመሩን በሙሉ ማስቆም የሚችልበትን አሠራር ዘረጋ። ከሁለተኛው፣ የራሳቸውን ገንዘብ ይዘው ማደርን ተማሩ። ኢሺዳና ተከታዮቹ በብድር መስፋፋትን ፈሩ፤ የጃፓን ጋዜጦች ኩባንያውን የቶዮታ ባንክ እያሉ እስኪቀልዱበት ድረስ ጥሬ ገንዘብ አከማቹ። በ1962 ደግሞ አስተዳደሩና የሠራተኛ ማኅበሩ በመተማመን ለመሥራት የጋራ መግለጫ ፈረሙ። መባረርን የማይፈራ ሠራተኛ ነው ገመዱን ስቦ ይኸው ተሳስተናል የሚለው። ይህን ያላየ ሰው የጃፓንን ጥራት በማሽኑ ብቻ ይፈልገዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ጥንቃቄው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ጃፓኖች ትልቅ ውሳኔ ከመወሰናቸው በፊት ኔማዋሺ የሚሉት ነገር አላቸው፤ ቃሉ ዛፍ ነቅሎ ከመትከል በፊት ሥሩን ዙሪያውን ማዘጋጀት ማለት ነው። የሚመለከተው ሰው ሁሉ ቀድሞ ይጠየቃል። ውሳኔው ይዘገያል፤ ከተወሰነ በኋላ ግን የሚያደናቅፍ አይኖርም። የማይቸኩል ሰው ደግሞ አንዳንዴ ባቡሩ ያመልጠዋል። ሲቸኩሉም የሚሆነው ታይቷል። በ1957 ክራውንን አሜሪካ ወስደው በፈጣኑ አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ እየጋለ፣ ጉልበቱ እያጠረው አዋረዳቸው። የመንገደኛ መኪና መላኩን ትተው ተመለሱ፤ ሠርተው፣ ፈትነው፣ በ1965 በኮሮና እንደገና ገቡ።

ከሁሉ የሚገርመው በ2010 የሆነው ነው። ቶዮታ ከዓለም አንደኛ ለመሆን ሲሮጥ ቆይቶ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪናዎችን ለማረም ለመጥራት ተገደደ። በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ የጠየቀው ፕሬዚዳንት አኪዮ ቶዮዳ ነበር፤ የኪኢቺሮ የልጅ ልጅ። ኩባንያው ያደገበት ፍጥነት ሰዎቹንና አሠራሩን ለማሠልጠን ከሚችልበት ፍጥነት በላይ እንደነበር አመነ። አያቱ ከሰባ አምስት ዓመት በፊት በጂ-1 የተማረውን ትምህርት የልጅ ልጁ በዓለም ፊት ደገመው። ጥንቃቄ በውርስ የሚተላለፍ ንብረት አለመሆኑን ያየነው በዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ትውልድ እንደ አዲስ ካልሠራው ይጠፋል።

ካይዘን የሚለው ቃል ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ ሠሌዳው ተሰቅሏል፣ ወለሉ ተቀብቷል፣ ዕቃው በየመደርደሪያው ተደርድሯል። ጥሩ ነው። ግን የኪኢቺሮን ሕይወት ላየ ሰው ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ከታች ያለው ሠራተኛ ስህተት ሲያይ ሥራውን ለማስቆም ሥልጣን አለው ወይ? ካስቆመስ ይመሰገናል ወይስ ይቀጣል? ኃላፊውስ ቃሉን ሲያጥፍ ራሱ ይወርዳል ወይስ ሌላውን ያወርዳል? እነዚህ በሠሌዳ አይጻፉም።

ነገ ጠዋት በሚኒባስ ስንሄድ፣ ያ መኪና ዳገቱን ሳያንገራግር ሲወጣ፣ ከፊቱ የተለጠፈው ስም መጀመሪያ የታወቀው በመሰበር እንደነበር እናስታውስ። ያልተሰበረ ሰው ወይም ያልተሰበረ ፋብሪካ የለም። ልዩነቱ ሲሰበር ቆሞ የሚያየውና አልተሰበርኩም ብሎ የሚነዳው ላይ ነው።